አክብሮታችን ማስቀመጥ ብቻ ነውን?

በግቢያችን ስለ ስኳር በሽታ ሲነሣ ብዙዎቻችን «የሀብታም በሽታ ነው» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። አባባሉ ለጆሮ ይጥም ይሆናል፤ እውነትነቱ ግን እጅግ አጠራጣሪ ነው። በልጅነቱ፣ ይልቁንም ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ፣ የተራበ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ለዚሁ በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን የሚያመለክት ማስረጃ ከብዙ አገር ተሰብስቧል።

የሆላንድን ነገር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በነበረው የብርድ ወራት፣ የጀርመን ጦር በያዘው የአገሪቱ ክፍል ለአንድ ሰው በቀን የሚታደለው ምግብ ከ1000 ካሎሪ በታች ወርዶ ነበር። በዚያን ጊዜ በማሕፀን የነበሩት ልጆች 50 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ተመረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ለምርመራ የተሰጣቸውን ስኳር ጠጥተው ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ በደማቸው የተገኘው መጠን ከረሃቡ በፊት ከተወለዱትና ከረሃቡ በኋላ ከተፀነሱት ይልቅ ከፍ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 በቻይና በደረሰው ረሃብ ላይ የተደረገው ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል፤ ይልቁንም ጉዳቱ የበረታው በረሃብ ተፀንሰው ኋላ በድሎት በኖሩት ላይ ነው።

ሄልስና ባርከር የተባሉት የእንግሊዝ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት ሐሳብ ምክንያቱን ለመረዳት ይጠቅማል። ፅንስ ምግብ ሲያጣ ያለችውን ለአንጎሉ ያስቀድማል፤ ኢንሱሊን የሚያመነጨው ቆሽት ግን በሚገባ ሳያድግ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሰውነት ለችግር ዘመን የተሰናዳ ነውና ችግሩን ይችለዋል፤ ጥጋብና መቀመጥ በአንድነት ሲመጡበት ግን ይሸነፋል።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የወሎን ረሃብ በፎቶግራፍ አጋልጠው ነበር። በዚያ ዘመን የተፀነሱት ዛሬ ከ50 ዓመት በላይ ናቸው፤ የ1977ቱም 40 ዓመት አልፏቸዋል። እነዚህ የማናውቃቸው ሰዎች አይደሉም፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ መምህሮቻችንና የግቢያችን ዘበኞች ናቸው።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ልጅ ተምሮ ደመወዝ ሲያገኝ አባቱን ከገጠር ያመጣል። «አባባ፣ እርስዎ ይረፉ እንጂ!» ብሎ ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጣቸዋል፤ ሻይ ስኳር በስኳር አድርጎ ያቀርባል፤ ለስላሳ መጠጥም ይደግማል። ሞፈር ጨብጠው የኖሩት እጆች የሚይዙት ብርጭቆ ብቻ ይሆናል። ይህንንም አክብሮት እንለዋለን።

«ዕድሜውን ሙሉ የደከመ ሰው ማረፍ አይገባውምን?» የሚለኝ ይኖራል። ይገባዋል እንጂ! ነገር ግን ማረፍና መቀመጥ አንድ አይደሉም። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ኢንሱሊን ቢደክም እንኳ ከደም ስኳር ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመው ታላቅ ጥናት ለበሽታው የተቃረቡ ሰዎችን መርምሮ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ክብደታቸውን እንዲቀንሱ በተደረጉት ዘንድ በሽታው በ58 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ላይ ደግሞ በ71 ከመቶ ቀንሷል። ጥናቱ በረሃብ የተወለዱትን ለይቶ የመረጠ ባይሆንም፣ የሰው ዕጣ በማሕፀን ተቆርጦ የማያልቅ መሆኑን ያስረዳናል።

150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መራመድ ነው። ሽማግሌዎቻችን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሳለምን፣ ለቅሶ መድረስን፣ ጓሮ መኰትኰትን ይወዳሉ። እኛ «በመኪና እናድርስዎ» እያልን ይህን ባንነጥቃቸው እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ማኅበራችን ሁለት ነገር ቢያደርግ እላለሁ። አንደኛ፣ ቅዳሜ ጧት የስፖርት ሜዳችን ለጡረተኞች፣ ለሠራተኞችና ለአካባቢው አረጋውያን ይከፈት፤ የሕክምና ተማሪዎችም በመምህሮቻቸው መሪነት የደም ስኳር ይለኩላቸው። ሁለተኛ፣ ድምፃችንን ስናሰማ የነፍሰ ጡር እናቶችን ረሃብ ከፊት እናስቀድም። ዛሬ አንዲት እናት በወሊድ ወራቷ ጦሟን ስታድር፣ የዕዳው ደረሰኝ ከ50 ዓመት በኋላ በልጅዋ ደም ውስጥ ተጽፎ ይገኛልና።