ሮቤል 83ኛ ወጣ፤ ከዚያስ?

እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ሮቤል ተክለማርያም በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ15 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ውድድር 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደግሞ 93ኛ። ስለ እሱ የያዝነው ይኸው ነው፤ ሁለት ቁጥርና ‹‹በረዶ ከሌለበት አገር የመጣው ልጅ›› የምትል ቀልድ።

ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ልጆች እዚህ ላይ ወቀሳ አለብን። ስለ ኃይሌ አጨራረስ ሌሊቱን ሙሉ ማውራት እንችላለን። ሮቤል ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱ የት እንደነበር ግን አንድ መስመር ጽፈን አናውቅም።

ለነገሩ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አልነበረም። ከወረኢሉ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ተረከዙን ተክሎ፣ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ያዋጣዋልም። በረዶ ላይ ግን ይኸው ልማድ ነው ሰው የሚጥለው። ወደ ኋላ የተቀመጠ ሰው የስኪው አፍንጫ ይቀልበታል፤ የቀለለ አፍንጫ ደግሞ አልታዘዝም ይላል። ስለዚህ በቁልቁለት ስኪ ቅልጥም የጫማውን ፊት ይጫናል፣ እጅ ረከቦት እንደያዘ ሰው ወደ ፊት ይወጣል፣ ደረት ወደ ሸለቆው ያያል። ከወገብ በታች ያለው ብቻ ይዞራል። የእስክስታ ግልባጭ በሉት፤ ትከሻ ጭጭ፣ እግር ይጫወታል።

ከባዱ ግን መታጠፉ ሳይሆን አንዱን መታጠፊያ ከሌላው ማያያዙ ነው። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ክብደቱ ግራ እግር ላይ ነው። ወደ ግራ ለመመለስ ያንን እግር ለቅቆ፣ ገላን ከስኪው በላይ አሻግሮ ወደ ገደሉ መስጠት ያስፈልጋል። ለአንድ አፍታ የሚደገፉት ነገር የለም። ፈሪው እዚያች ላይ ወደ ተራራው ይሸሻል፤ መያያዙም ይበጠሳል። (እኛ ራሳችን በረዶ ረግጠን አናውቅም፤ ቪዲዮ እያቆምን ነው ያየነው።)

የሮቤል ደግሞ ይብሳል። በአገር አቋራጭ ስኪ ተረከዝ አይታሰርም፣ ስኪው ቀጭን ነው፣ ጠርዙም ብረት የለውም። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ በባለ ጎማ ስኪ ሲለማመድ ያዩት መንገደኞች ግን ስቀው አለፉ፤ እኛም ከነሱ አልተሻልንም።

በ2014፣ በ2018 እና በ2022 የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ኤርትራን የወከለው ሻነን አበዳ ግን በ2018 በጃይንት ስላሎም 61ኛ፣ በ2022 ደግሞ 39ኛ ወጥቷል። ያን ቀን በረዶ እየጣለ ብዙዎች ውድድሩን ሳይጨርሱ ቀርተዋል። አግኝተን ብናናግረው ስለ ደረጃው አንጠይቀውም። በዚያ አየር ከአንዱ መታጠፊያ ወደ ሌላው ሲሻገር ክብደቱ የት ነበር?