ክፍት ማዳመጫ፣ ክፍት በር

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ተረቱ የተነገረው ስለ ሐሜት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሰው ሁሉ በኋላ ይሰማልና። እኔ ግን ለሌላ ጉዳይ ልዋሰው ነው። የገዛ ጆሮዬ ባዳ ሆኖብኝ፣ ያልሰማሁትን ሰማህ እያለኝ፣ የሰማሁት የመሰለኝንም እየካደኝ፣ ብዙ ገንዘብ አስወጥቶኛልና።

ጉዳዩ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ግጥምና ወግ በሚነበብበት ገጽ ላይ ስለ ሽቦና ስለ ቮልት ማውራት እንደ ነውር እንዳይቆጠርብኝ እሰጋለሁ። ሆኖም የዜማና የቃል ወዳጅ የሆነ ሁሉ ዛሬ ከሚያዳምጠው አብዛኛው ወደ ልቡ የሚገባው በዚህች ዕቃ በኩል ነውና፣ ውድ አንባቢ፣ ጥቂት ታገሠኝ።

መጀመሪያ የነበረኝ ዝግ ማዳመጫ ነው። ጆሮን እንደ ክዳን ይገጥማል፤ የመንገዱን ጩኸት፣ የጎረቤቱን ሬዲዮ፣ የዝናቡን የቆርቆሮ ድብደባ ሁሉ ይዘጋል። በዚህም እኮራበት ነበር። አንድ የዐቢይ ጾም ማታ በገና እያዳመጥኩ ሳለ አባቴ በኮሪደሩ አንሸራቷቸው ወደቁ። እኔ ከእርሳቸው በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይቼ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ ስለ ሞትና ስለ ሰው ከንቱነት የሚያዜመውን እየሰማሁ ተመስጬ ነበር። ስወጣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበታቸው መላላጥ በቀር ጉዳት አልነበረም። «ሦስት ጊዜ ጠራሁህ» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ክፍት ማዳመጫ መፈለግ ጀመርኩ። ክፍት የሚባለው ከጀርባው ያልተዘጋው ነው። ድምፅ የምታመነጨው ስስ ሽፋን ወደ ፊት ስትርገበገብ ወደ ኋላም ትርገበገባለች፤ በዝጉ ማዳመጫ ያ የኋላው ድምፅ ከጽዋው ግድግዳ ጋር ይላተማል፤ በክፍቱ ግን በወንፊቱ በኩል ወጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ዜማው ጭንቅላት ውስጥ የታጎረ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ዋጋም አለው፤ የውጭው ድምፅ ይገባል፣ የውስጡም ያፈስሳል። ታክሲ ውስጥ ሊለብሱት አይሆንም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጀርመኑ ዜንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1968 ኤችዲ 414 የተባለውን ቢጫ ስፖንጅ የለበሰ ማዳመጫ ካወጣ ወዲህ ክፍቱ የራሱ ወዳጆች አሉት።

እኔ የመረጥኩት የዚያው ቤት ልጅ የሆነውን ኤችዲ 650ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሲሆን፣ በዘርፉ ከርካሹም ከሰማይ ጠቀሱም ያልሆነ፣ መካከለኛ የሚባል ነው። «መካከለኛ» የሚለው ቃል ግን እኛ አገር ሲደርስ ትርጉሙ ይለወጣል። የእኔው በአንድ የዘመድ ሻንጣ፣ በካልሲና በቡና ቆይታ መካከል ተጠቅልሎ ከውጭ አገር መጣልኝ። ዋጋው ለእኔ የወራት ቁጠባ ነበር።

የእነዚህን ዕቃዎች ባለቤቶች ወግ መስማት ለሥነ ጽሑፍ ሰው መዝናኛ ነው። ኤችዲ 650ን አንዱ «ሞቃት» ይለዋል፤ ሌላው «መጋረጃ አለበት፣ ዘፋኙ ከሻሽ በስተጀርባ ያለ ይመስላል» ብሎ ያማርራል። የኦስትሪያውን ኤኬጂ ኬ701 የያዘ ሰው ስለ ሰፊ መድረክ ያወራል፤ የማይወደው ግን «ወፍራሙ ድምፅ ሳስቷል» ይላል። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990ን አንዱ «ብሩህ» ሲለው ሌላው «የሚወጋ» ይለዋል። እኔም አንዳንዶቹን ከወዳጆች እየተዋስኩ ሰምቻለሁ፤ ማንኛቸውም አልዋሹም። ልብ በሉ እንግዲህ፣ ስለ ድምፅ የምንናገረው ሁሉ ከዐይንና ከቆዳ የተዋስነው ነው። በእኛም ቋንቋ ድምፅ ሻካራ፣ ለስላሳ፣ ወፍራም፣ ቀጭን ይባላል። ጎርናና እና ስርቅርቅ ብቻ የጆሮ የራሱ ቃላት ሆነው ይሰሙኛል። በቃላት ድህነታችን ላይ ስሜታችን ሲጨመርበት የአንዱ «ሞቃት» የሌላው «ጭጋግ» ቢሆን ምን ይደንቃል?

ስለ በገናው ግን ልመስክር። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል በሚገቡት ቁራጭ ቆዳዎች ምክንያት እያንዳንዱ ምት ይነዝራል። በድሮው ማዳመጫዬ ያ ንዝረት የተበላሸ ስፒከር ድምፅ ይመስለኝ ነበር። በክፍቱ ግን መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ አውታር፣ ቀጥሎ ንዝረት፣ ከሥርም የሰው ድምፅ፣ ሁሉም በየቦታው ተቀምጦ ሰማሁት። ሕፀፅ ያልኩት የመሣሪያው ነፍስ ኖሯል።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም።

ባለቤቶቹ ሁሉ በአንድ ቃል የሚሉት ነገር አለና፦ «ያለ ጥሩ አምፕሊፋየር ይህን ማዳመጫ አልሰማኸውም!» ምክንያቱ 300 ኦም መሆኑ ነው ይባላል። ቁጥሩ ያስፈራል። አነስ ያለ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ገዛሁ፤ ዜማው ተከፈተልኝ። ከዓመት በኋላ በቲዩብ የሚሠራ፣ በጨለማ እንደ ፍም የሚቀላ ሌላ ገዛሁ፤ ይበልጥ ተከፈተልኝ። ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

ጥርጣሬውን የዘራችብኝ የሒሳብ ሰው የሆነችው እኅቴ ናት። ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት አንብባ «እዚህ ላይ በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል ይሰጣል ይላል፤ 1 ቮልት በ300 ኦም ላይ 3 ሚሊዋት ተኩል እንኳ አይሞላም። የስልክህ መቀየሪያ 1 ቮልት ገደማ ካወጣ ምን ጎደለህ?» አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ለ40 ሰዓት የሚፈቅደው 80 ዴሲቤል ነው፤ 90 ከደረሰ ገደቡ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። እኔ ታዲያ ጆሮዬን ከሚያደነቁር በላይ ጉልበት ለምን እከምራለሁ?

ፈተና አዘጋጀችልኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ፤ እርሷ ትቀያይራለች። በመጀመሪያው ዙር አምፕሊፋየሩን ሁልጊዜ ለየሁት፤ ደረቴንም ነፋሁ። ለካ ጥቂት ስለሚጮኽ ብቻ ኖሯል። ጆሮ ጥቂት የጮኸውን «የተሻለ» ብሎ ይተረጉመዋል። የሁለቱን ቮልቴጅ በቴስተር እኩል ካደረገች በኋላ የስልኩን መቀየሪያ ከትራንዚስተሩ አምፕሊፋየር ከ20 ጊዜ 11 ጊዜ ለየሁ። ሳንቲም ቢወረወርም ከዚህ ብዙም አይርቅም። የቲዩቡን ግን 15 ጊዜ ለየሁት። ምስጢሩ ግን ምትሐት አልነበረም። የማዳመጫው እንቅፋት 300 ኦም ቢባልም በ100 ኸርዝ አካባቢ ወደ 500 ይጠጋል፤ የቲዩቡ መሣሪያ በራሱ መውጫ ላይ 100 ኦም ያህል ካለው፣ ወፍራሙ ድምፅ ከሌላው ወደ 1 ዴሲቤል ከፍ ብሎ ይወጣል። «ሙቀት» ያልኩት ይህን ነው። በስልኬ ማስተካከያ ያለ አንዳች ብር ላገኘው የምችለውን!

ይህን ስል አምፕሊፋየር ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። 600 ኦም የሆነ ማዳመጫ ያለው፣ ወይም እንደ ሃይፋይማን ሰንዳራ ኦሙ ዝቅ ያለ ነገር ግን ኃይል የሚፈልግ ማዳመጫ የያዘ፣ ወይም መውጫው የሚያሽካካ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ይጠቀምበታል። መውጫው ከማዳመጫው ኦም ከአንድ ስምንተኛ ባይበልጥ፣ የማይንሾካሾክ ቢሆን፣ ድምፁም ሳይጨናነቅ ከበቃ፣ ከዚያ በላይ ያለው ጌጥ ነው። ጌጥ መውደድ ኃጢአት አይደለም፤ ጌጥን ጆሮ ነው ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። አንባቢው ማንበቢያ መብራቱን በየዓመቱ እየለወጠ መጽሐፉን ካልጨረሰ ምን ይባላል?

በዚያው ሰሞን አባቴን ወደ ሐኪም ወሰድኳቸው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ «ሳቀ» ስንል «ፋቀ» እየሰሙ ወግ ይበላሽባቸው ነበር። እኛም እንስቅ ነበር። እርሳቸውም አብረውን ይስቁ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን ዝም አሉ። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ዕድሜ ከጆሮ አስቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ የሚኖሩትም እዚያ ነው። አናባቢው ይቀራል፤ ተናባቢው ይጠፋል። ሰው መናገሩን ይሰማሉ፤ ምን እንዳለ አይሰሙም። መፍትሔው የመስሚያ መሣሪያ ነው ተባልን። ዋጋውን ስሰማ ወዲያው የታወሰኝ በጨለማ የሚቀላው ያ አምፕሊፋየር ነው።

እንግዲህ ይህን ልብ ይሏል፦ የመስሚያ መሣሪያም አምፕሊፋየር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ሰው ያለውን 1 ዴሲቤል ለማሳመር ሲቆጥብ፣ ሌላው ሰው ሙሉ ፊደላት እየጠፉበት ነበር። ማንም አላታለለኝም። ሦስት ጊዜ የጠራኝን ሰው በአንድ ግድግዳ ማዶ አልሰማሁትም፤ ግድግዳውን ካነሣሁ በኋላም ለዓመታት አልሰማሁትም። ማዳመጫዬ ተከፈተ እንጂ ጆሮዬ አልተከፈተም ነበር።

ሁለቱንም አምፕሊፋየሮች ሸጥኩ። አልበቃም፤ እኅቴ ሞላችው። የቲዩቡን የገዛው ወጣት ሲያበራው ፊቱ በራ፤ የማውቀውን ልነግረው ጀምሬ ተውኩት። ምናልባት ልነግረው ይገባኝ ነበር። ዛሬ የጻፍኩትም ስለዚህ ይሆናል።

ባለፈው ጾም አንድ ማታ አባቴ መሣሪያቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው፣ ሰፊውን ክፍት ማዳመጫ ከላይ ደርበው፣ ከስልኬ በገና ሲሰሙ አገኘኋቸው። ድምፁ በወንፊቱ እያፈሰሰ እስከ ወጥ ቤት ይደርሳል፤ የት እንደደረሰ አውቄያለሁ። «አባባ፣ ራት ቀርቧል» አልኳቸው፤ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ።

ፊታቸውን ሳያዞሩ እጃቸውን አነሡ። «ሰምቻለሁ፤ ይህን ይጨርስ» አሉኝ።

ቆሜ ጠበቅኳቸው።

ቸር ያሰማን!