እማዬን ማስጠናት ይብቃ

በየቤታችን አንድ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። አስተማሪው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ ልጅ ነው፤ ተማሪዋ ጉለሌ ያለች የ65 ዓመት እናት ናት። መማሪያ ክፍሉ ዋትሳፕ ነው። «ስንት ቀን ትቆያለሽ ሲሉሽ?» «ሦስት ሳምንት።» «ለምን ትመለሻለሽ ሲሉሽ?» «ቤቴም፣ ዕድሬም፣ ዘመዶቼም እዚህ ናቸው።» «ጎበዝ! ግን ፈገግ እያልሽ በዪው።» ልጆች አሳድጋ የዳረች፣ የዕድር ገንዘብ የያዘች፣ ከቀበሌ እስከ ፍርድ ቤት ለራሷ ጉዳይ ቆማ የተከራከረች ሴት፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስለ ገዛ ሕይወቷ ትፈተናለች።

ይሄ ትምህርት ቤት ይዘጋ ነው የምለው። ለአሜሪካ ኤምባሲ አዝኜ አይደለም። ማስጠናቱ እሷን ስለሚያሳንስ፣ ብዙ ጊዜም ስለማይሠራ፣ ሲብስ ደግሞ በሩን ዕድሜ ልክ ሊዘጋባት ስለሚችል ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እንየው፤ ፍርሃታችን ከባዶ የመጣ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ፣ በአንቀጽ 214(ቢ)፣ ለጉብኝት ቪዛ የሚያመለክት ሰው አለመሆኑን እስኪያሳምን ድረስ ሊቀር እንደሚሄድ ይቆጠር ይላል። ፍርድ ቤት ብትቆም ጥፋትህን የማስረዳቱ ሸክም የከሳሽህ ነው፤ መስኮቱ ጋ ስትቆም ሸክሙ ያንተ ነው። በዚህ አንቀጽ የተከለከለ ሰው ይግባኝ የለውም። እንደገና ማመልከት ይችላል፤ እንደገናም 185 ዶላር ይከፍላል። ቪዛው ተገኘም አልተገኘም ገንዘቡ አይመለስም። ለአንድ ጡረተኛ ይሄ የወራት ጡረታ ነው። በዚህ ላይ በ2025 ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ጎብኚ የሚሰጠው ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። እንናደድ፤ መናደዳችን ልክ ነው።

ግን ንዴታችንን የምናወጣው የት ነው? እናታችን ላይ። የሕጉን ጥርጣሬ ተቀብለን፣ ገና ኤምባሲ ሳትደርስ እኛው መርማሪ እንሆንባታለን።

ማስጠናት ለምን እንደማይሠራ እናውራ። ቃለ መጠይቁ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሰው ፊት ደግሞ ዲኤስ-160 የሚባለው ፎርም አለ። ፎርሙን የሞላው ማነው? ወይ አንተ ነህ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ወይ ኢንተርኔት ቤት ያለ ልጅ ነው፣ ወይ «ጉዳይ አስፈጻሚ» ነኝ የሚል ሰው። ሰው እንዲሞላላት ሕጉ አይከለክልም፤ እንዲያውም ፎርሙ ራሱ «ያገዘህ ሰው አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የሰፈረው ሁሉ እውነት ነው ብላ የምታረጋግጠው ግን እሷ ናት። እና ስንቶቻችን ነን ፎርሙን በአማርኛ፣ መስመር በመስመር ያነበብንላት? መልሱን እናስጠናታለን፤ የፈረመችውን ግን አናሳያትም። ፎርሙ አንድ ወር ሲል እሷ ሦስት ሳምንት ብላ ካደናገረች፣ ጥፋቱ የእሷ የማስታወስ ችሎታ ነው እንዴ?

ወረቀቱም እንደዚያው ነው። የቤት ካርታ፣ ሊብሬ፣ ከዘመድ ተለቃቅሞ ለአንድ ሳምንት ያበጠ የባንክ ስቴትመንት፣ ከአሜሪካ የተላከ የግብዣ ደብዳቤ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ራሱ የግብዣ ደብዳቤም ሆነ የድጋፍ ማረጋገጫ ለጎብኚ ቪዛ እንደማያስፈልግ በግልጽ ይናገራል። ሰው የሚመዘነው በራሱ ኑሮ ነው። እማዬ ደግሞ ኑሮ አላት! ሠላሳ ዓመት የኖረችበት ሰፈር፣ የምትጦራት እህት፣ የምታከራያት አንዲት ክፍል። ይሄን ሁሉ በገዛ አፏ ብታወራው ማንም አይበልጣትም። እኛ ግን የሷን ወግ ነጥቀን የኛን ድርሰት እንሰጣታለን፤ ከዚያ «ፈራች፣ ተንተባተበች» እንላለን።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ከምክሮቹ ሁሉ ክፉው «ልጅ አለኝ እንዳትዪ» የሚለው ነው። ፎርሙ አሜሪካ ውስጥ ልጅ ወይም ወንድም እህት አለህ ወይ ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል። «ልጅ አላት ከተባለ ትቀራለች ይሏታል» ብሎ የሚያስክዳት ሰው አይጠፋም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይሄኛው ውሸት ግን እያደር ይከብዳል። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ልጅየው ዜግነት ሲያገኝ፣ 21 ዓመት ከሞላው፣ ለወላጁ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው ማስረጃ የራሱ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ያኔ የድሮው ፎርም ይወጣል። «ልጅ የለኝም» ያለችው እናት፣ ልጄ ጠራኝ ብላ ቆማለች።

ቪዛ ለማግኘት ብሎ ወሳኝ ነገርን አውቆ መዋሸት በሕጉ አንቀጽ 212 መሠረት ዕድሜ ልክ ያስከለክላል። ምሕረት መጠየቂያ አለ። ነገር ግን ለመኖሪያ ፈቃድ ሲሆን የሚታየው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ላይ የሚደርስ ከባድ ችግር ነው። ልጅ አይቆጠርም። ደግመህ አንብበው፤ ልጅ አይቆጠርም። አብዛኞቹ እናቶቻችን አሜሪካ ውስጥ ያላቸው ደግሞ ልጅ ብቻ ነው። በ214(ቢ) መከልከል የዛሬ በር መዘጋት ነው፤ ነገ ሊከፈት ይችላል። ውሸቱ ግን በሩን ከነግድግዳው ነው የሚደፍነው። ለሦስት ሳምንት ጉብኝት ብለህ የእናትህን ቀሪ ዘመን አስይዘሃል።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንዙር። እንደኔ እንደኔ፣ ዝግጅት የሚያስፈልገው ለጋባዡ ነው።

እናትህ «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ስትባል የምትመልሰው አንተ የነገርካትን ነው። «ኦፊስ ነው የምሠራው» ብለሃታል፤ የምትነዳው ኡበር ነው። ኡበር መንዳት ምን ነውር አለው? ነውሩ ፎርሙ ላይ አንድ ነገር ጽፈህ እሷን በሌላ ነገር መላክህ ነው። ወረቀትህስ? ጥገኝነት ጠይቀህ መልስ የምትጠብቅ ከሆነ ታውቃለች? ከሚስትህ ጋር ከተለያያችሁ ሁለት ዓመት እንደሆነስ? በየሳምንቱ በቪዲዮ እየሳቅን የሠራነው ሕይወት አለ፤ እማዬ ያንን ይዛ ነው መስኮቱ ጋ የምትቆመው። ዋሽታ ሳይሆን አምና ትሰናከላለች።

ሌላም አለ። «እረፍት ታድርግ፣ አገር ትይ» እያልን የምንጠራት ስንቶቻችን ነን፣ በልባችን የሕፃን ማቆያ ክፍያውን እያሰላን? የልጅ ልጅ ማየት፣ ማቀፍ፣ ገንፎ መሥራት አያት መሆን ነው። ስድስት ወር ሙሉ፣ ባልና ሚስት ሥራ እስኪመለሱ ድረስ ጨቅላ ይዛ ቤት መዋል ግን ሥራ ነው፤ ቪዛውም ለሥራ አይደለም። ያሰብነውን ለራሳችን ስላላመንን፣ እሷ በየዋህነት «ልጅ ልይዝላቸው ነው» ስትል እንቆጣታለን። እውነቱን የተናገረችው እኮ እሷ ናት።

«ሁሉም ያስጠናል፤ የኔ እናት ብቻ ሳትዘጋጅ ትግባ?» የሚል ይኖራል። አትግባ፤ አዘጋጃት። ማዘጋጀት ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ መምጣት ትፈልግ እንደሆነ ጠይቃት፤ ይሄን ጥያቄ የሚዘለው ብዙ ነው። ፎርሙን አንብብላት፤ ያልተስማማችበት መስመር ካለ ይታረም። የት እንደምትኖር፣ ምን እንደምትሠራ፣ ወጪዋን ማን እንደሚችል እውነቱን ንገራት። ቀደም ሲል ተከልክላ ከነበረ፣ ወይም ሰው አመልክቶላት የሚያውቅ ከሆነ፣ ይጻፍ። ያልገባትን ጥያቄ «ይድገሙልኝ» ማለት መብቷ መሆኑን አሳውቃት። ከዚያ ተዋት።

«እውነት ተናግራ የተከለከለችስ?» አለች፤ ብዙ ናቸው። እውነት ቪዛ ያስገኛል አላልኩም፤ ሕጉ እንደዚያ አልተሠራም። ግን ልዩነቱን እይ። እውነቱን ተናግራ የተከለከለች እናት ያጣችው 185 ዶላርና አንድ ቀን ነው፤ ነገ ደግማ ትቆማለች፣ ልጇም ዜጋ ሲሆን ሊያመለክትላት ይችላል። አጥንታ የተከለከለችው ግን «ምን ብዬ ይሆን ያበላሸሁት?» እያለች ለወራት ራሷን ትበላለች። ልጆቿም በስልክ «ምን ብለሽ ነው?» እያሉ ያግዟታል። ጎረቤት እንዳይሰማ ትደብቃለች፤ የሕግ ውሳኔ የሷ ፈተና መውደቅ ይሆናል።

እና ይሄን ነውር እናንሳላት። እማዬ ምንም አልወደቀችም፤ ያልተማረችውን ፈተና ያስቀመጥናት እኛ ነን። ቪዛውን መስጠት በእጃችን አይደለም። የገዛ ሕይወቷን በገዛ ቃሏ እንድትናገር መተው ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችን ነው።