አሲምፕቶትን መፈለግ ብቻ ወይስ መረዳትም?

የራሽናል ፈንክሽንን አሲምፕቶት መፈለግ ሳይማር ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የሳይንስ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ታህቱን ከዜሮ ጋር እኩል አድርጎ ቋሚውን፣ የላዕሉንና የታህቱን ዲግሪ አነጻጽሮ አግድሙን ማግኘት እንደ ማባዛት ሠንጠረዥ በቃል ይያዛል። «ይህ መስመር ምን ይነግረናል?» ብለን ስንጠይቅ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጥፋቱ የተማሪዎች ብቻ አይደለም፤ እኛ መምህራንም ደንቡን ከትርጉሙ አስቀድመናል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። የትኩረት ርቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ብርሃን ሰብሳቢ ሌንስ ፊት ሻማ እናብራ። የሻማው ርቀት ከሌንሱ «ሀ»፣ የምስሉ ርቀት «ለ» ቢባል፣ ለ = 10ሀ ÷ (ሀ − 10) ይሆናል፤ ይህም ራሽናል ፈንክሽን ነው። ሻማው በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ምስሉ በ20 ላይ ይገኛል፤ ሻማውን ወደ 110 ብናርቀው ምስሉ በ11፣ ወደ 1,010 ብናርቀው በ10.1 ላይ ይሆናል። አግድሙ አሲምፕቶት ለ = 10 የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ እጅግ የራቀ ነገር ምስሉ ከትኩረት ነጥቡ አጠገብ ያርፋል። በአንጻሩ ሻማውን ወደ 11 ብናቀርበው ምስሉ ወደ 110፣ ወደ 10.1 ብናቀርበው ወደ 1,010 ይሸሻል። ልክ በ10 ላይ ጨረሮቹ ትይዩ ሆነው ይወጣሉ፤ ነጭ ወረቀት የትም ብንዘረጋ ምስል አናገኝም። ቋሚው አሲምፕቶት ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ «ለ» ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ምስሉ በሻማው ወገን ጎልቶ ይታያል፤ ሌንሱም አጉሊ መነጽር ይሆናል።

ትርጉሙ ሲዘነጋ ስህተት ይከተላል። ብዙዎች «ግራፍ አሲምፕቶቱን ፈጽሞ አይነካም» ይላሉ። ይሁንና ሀ ÷ (ሀ² + 1) አግድም አሲምፕቶቱን፣ ማለትም የዜሮን መስመር፣ በሀ = 0 ላይ ያቋርጠዋል። አግድሙ የሚናገረው ስለ ሩቁ እንጂ ስለ ቅርቡ አይደለምና። እንዲሁም (ሀ² − 4) ÷ (ሀ − 2) በሀ = 2 ላይ ታህቱ ዜሮ ቢሆንም፣ በሌላው ስፍራ ሁሉ ከሀ + 2 ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ነጥብ ያለው ቀዳዳ እንጂ አሲምፕቶት አይደለም።

በእኛ አመለካከት ደንቡ ከመሰጠቱ በፊት ተማሪው ቁጥሮችን እየተካ ሠንጠረዥ ሊሠራ ይገባል። ፈተናውም «የት ነው?» ከማለት አልፎ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ጊዜ አይበቃም እንደሚባል እናውቃለን፤ ነገር ግን ትርጉሙ የቀረበት ተማሪ ሊሚትን ሲጀምር እንደ አዲስ ለማስረዳት የምናጠፋው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

ውድ ተማሪዎች፣ የአንድ አዛውንት የንባብ መነጽር ተውሳችሁ ከመስኮት ትይዩ ባለው ግድግዳ ፊት ያዙት፤ ወዲያና ወዲህ ስታደርጉት የሩቁ ዛፍ ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ያን ጊዜ ከመነጽሩ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ለኩ። የለካችሁት አግድሙን አሲምፕቶት ነው።