አክሲዮን ከመሸጣችሁ በፊት የትናንቱን ዋጋ አሳዩን

ማኅበራዊ ሚዲያውን ያጥለቀለቀ አንድ የቪዲዮ ዓይነት አለ። «አባትህ እ.ኤ.አ. በ1980 የአፕልን አክሲዮን በ10 ሳንቲም ገዝቶ ቢሆን ኖሮ…» ይላል ተናጋሪው። ከጀርባው ወደ ሰማይ የተተኮሰ መስመር ይታያል። ትንሽ ቆይቶ የሥልጠናው ክፍያና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ይመጣል።

የአፕልን አክሲዮን ከሕዝብ ገበያ ላይ በ10 ሳንቲም የገዛ ሰው በምድር ላይ የለም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1980 ለሕዝብ ሲቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 22 ዶላር ነበር። የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት እንዲያውም ለተራው ሰው በጣም አደገኛ ነው ብሎ በግዛቱ እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር። ታዲያ 10 ሳንቲሟ ከየት መጣች? አክሲዮኑ ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ተሸንሽኗል፤ በ1987፣ በ2000 እና በ2005 ለሁለት፣ በ2014 ለሰባት፣ በ2020 ለአራት። የመጀመሪያዋ አንድ አክሲዮን ዛሬ 224 ሆናለች። 22 ዶላር ለ224 ሲካፈል ወደ 10 ሳንቲም ይመጣል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ መደረግም አለበት። ሳይነገር ሲቀር ግን ማታለያ ይሆናል፤ ምክንያቱም ሰሚው «ለካ ያኔ በኪስ ሳንቲም ይገዛ ነበር» ብሎ ያምናል።

ሽንሸናውን የማያውቅ ሰው በተቃራኒው አቅጣጫም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 መጨረሻ አፕል ዓርብ ዕለት 499 ዶላር ላይ ዘጋ፤ ሰኞ 129 ዶላር ላይ ዋለ። ጥሬውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ኩባንያው ቅዳሜና እሁድ ተቃጥሏል ይላል። ማንም ግን ሳንቲም አልከሰረም፤ እንዲያውም ያን ሰኞ ባለአክሲዮኖቹ አትርፈዋል።

ቪዲዮው የማይነግራችሁ ሌላም አለ። አፕል በመጀመሪያው ቀን 29 ዶላር ላይ ዘጋ። ከ17 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ፣ በድሮው አክሲዮን ሲሰላ ዋጋው 26 ዶላር ገደማ ነበር። መሃል ላይ የተገኘችውን ትንሽ የትርፍ ድርሻ ወደ ጎን ብንተው፣ 17 ዓመት ጠብቆ ከተነሳበት በታች ማለት ነው። ያን ጊዜ የሸጠው ሰው ሞኝ አልነበረም፤ ልጅ የሚያስተምር፣ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ዛሬ ሽቅብ ተተኩሶ የምናየው መስመር እነዚያን 17 ዓመታት ጠፍጣፋ አድርጎ ከሥር ይደብቃቸዋል። ይህ ደግሞ ከሞት የተረፈው ኩባንያ ታሪክ ነው። ኤንሮን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 ከ90 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ በዲሴምበር 2001 ኪሳራ አወጀ። «አባትህ ኤንሮንን ገዝቶ ቢሆን ኖሮ» የሚል ቪዲዮ አይቼ አላውቅም።

«የአሜሪካው ነገር እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። የሚያገባን እዚህ ላይ ነው፤ እዚያ ቢያንስ የሚዋሽበት መዝገብ አለ። እኛ ዘንድ መዝገቡም የለም።

የግል ባንኮች በ1986 ዓ.ም. ከተፈቀዱ ወዲህ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አክሲዮን ሲሸጥ፣ ሲለወጥ፣ ሲወረስ ኖሯል። በስንት? ባንኩ የአክሲዮን ክፍል ውስጥ ያለው ሠራተኛ ያውቅ ይሆናል፤ ደላላው ያውቃል፤ የቦርድ አባላት ዙሪያ ያሉ ሰዎች ያውቃሉ። ባሏ ሞቶባት 200 አክሲዮን የወረሰች፣ ለልጆቿ ትምህርት ቤት ክፍያ ልትሸጥ የመጣች ሴት ግን አታውቅም። ወረቀቱ ላይ 1,000 ብር ተጽፏል፤ ገዢው «በተጻፈው ዋጋ እገዛሻለሁ፣ በዛ ከተባለ 200 ብር እጨምራለሁ» ይላታል። ባለፈው ወር ሌላ ሰው ተመሳሳዩን በእጥፍ እንደሸጠ የሚነግራት የለም። በዚህ ዓይነት ንግድ ዋጋ የሚያወጣው ገበያው ሳይሆን የሚያውቀው ሰው ነው።

አንድ ጊዜ እውነተኛ ዋጋ የምናይበት አጋጣሚ መጥቶ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮችና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የያዙትን አክሲዮን እንዲለቁ መመሪያ አወጣ። በዋሽንግተንም በለንደንም ያለው ወገናችን የተወሰነለት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ነበር። አክሲዮኖቹ በጨረታ ሲሸጡ ከዚያ በላይ የተገኘው ብር የእሱ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕጉ ተለውጦ እንደገና ግዙ ተባሉ። የፍትሑን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ላቆየው፤ አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። የእነዚያ ጨረታዎች ዋጋ፣ ባንክ በባንክ፣ ቀን በቀን ተሰብስቦ የተቀመጠው የት ነው? ማንኛውም ዜጋ ከፍቶ የሚያነብበት አንድ መዝገብ ተዘጋጅቶ አላየሁም።

መዝገብ በሌለበት ቦታውን የሚይዘው «ዘንድሮ 30 በመቶ ትርፍ አከፋፈልን» የሚለው ማስታወቂያ ነው። የምን 30 በመቶ? የተጻፈው ዋጋ 30 በመቶ። አክሲዮኑን ከሰው ላይ በ2,500 ብር የገዛ ሰው የሚደርሰው 300 ብር ነው፤ ይህ ለእሱ 12 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሄድ 12 በመቶ ያገኘ ሰው ትርፍ ተቀበለ ወይስ ኪሳራውን በደረሰኝ ተረከበ?

በየሠርጉና በየለቅሶው የምንሰማው ደግሞ «በ100 ሺህ ብር ጀምሬ ዛሬ 900 ሺህ ደርሻለሁ» የሚለው ነው። እስቲ አብረን እናስላው። ሰውዬው በ2007 ዓ.ም. ባለ 1,000 ብር አክሲዮን መቶ ገዛ። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ዝቅተኛ ካፒታላቸውን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያሳድጉ ሲያዝ፣ ባንኩም እሱን ጨምር አለው፤ በየጊዜው ከኪሱ 300 ሺህ ጨመረ። የትርፍ ድርሻውንም ሳያወጣ 500 ሺህ ብር በአክሲዮን ቀየረው። ድምሩ 900 ሺህ ነው። እንግዲህ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ስንት ጨመረ? በወረቀቱ ላይ ያኔም 1,000 ብር፣ ዛሬም 1,000 ብር ነው። ያደገው የእሱ መዋጮ ነው። ዘጠኝ እጥፍ የሚለው ቁጥር 400 ሺህ የኪስ ብርንና ያልበላውን ትርፍ አንድ ላይ የደባለቀ ነው። ባንኩ መጥፎ ነው አላልኩም፤ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ጥሩ መሆኑን ግን ይህ ስሌት አያሳይም። የሚያሳየው በገበያ ላይ የተሸጠበት ዋጋ ነው፤ እሱ ደግሞ አልተመዘገበም።

በዚህ ላይ ብሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። በ2007 ዓ.ም. ዶላር ወደ 20 ብር ነበር፤ አንድ ባለ 1,000 ብር አክሲዮን 50 ዶላር ማለት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ዶላሩ ከ130 ብር አልፏል፤ ያው 1,000 ብር ስምንት ዶላር አይሞላም። ዶላር ካልጣማችሁ በጤፍ ኩንታል ለኩት። በምንም ለኩት፣ ብቻ የዐሥር ዓመት የብር ዋጋን ሳትመነዝሩ ጎን ለጎን አታስቀምጡ።

አሁን ገበያ ተከፍቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ከልቤ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። መዝገቡ ከመጀመሪያው ገጽ መያዝ ያለበትም አሁን ነው። የቀኑ ዋጋ ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ቀን ስንት አክሲዮን እንደተሸጠ አብሮ መውጣት አለበት። ሁለት ዘመዳሞች ዐሥር አክሲዮን ተሸጣሽጠው ያወጡት ዋጋ የአንድን ባንክ ዋጋ አያሳይም። ነገ ያንኑ ቁጥር ይዞ «በሦስት ወር 40 በመቶ አደገ» የሚል ደላላ እንደሚመጣ ግን አትጠራጠሩ።

የኢትዮ ቴሌኮምንም ሽያጭ አስታውሱ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱ በ300 ብር ቀርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። 300 ብሩ በግምገማ የተተመነ እንጂ ሻጭና ገዢ ተከራክረው ያወጡት ዋጋ አይደለም። አንድ ሰው ከ3,333 አክሲዮን በላይ መግዛት ስላልቻለም፣ ያልተሸጠው ሁሉ «ዋጋው ተወዷል» ማለት አይሆንም። ከዚህ በኋላ የአክሲዮኑን ታሪክ የሚጽፍ ሰው 300ን መነሻ ሲያደርግ ይህን ካልጨመረበት የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው የሚሳሳተው።

«ያለፈ ዋጋ የወደፊቱን አይናገርም፤ ገበያው ሕፃን ነው፣ ሕዝቡን አታስደንግጡት» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። የወደፊቱን አይናገርም፤ እስማማለሁ። የሚናገረው ምን ያህል ሊወርድና ስንት ዓመት ሊያስጠብቅ እንደሚችል ነው። የጃፓኑ ኒኬይ አመልካች እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ 38,915 ላይ ደርሶ ወደቀ፤ ያንን ከፍታ ያለፈው በፌብሯሪ 2024 ነው፤ 34 ዓመት! ጡረታ ሊወጣ አምስት ዓመት የቀረው መምህር ቁጠባውን ከማስገባቱ በፊት ይህን ማወቁ ማስደንገጥ ከሆነ ይደንግጥ። የሚደነግጥ ገዢ ገበያ አያፈርስም፤ ሳያውቅ ገብቶ የተቃጠለ ሰው ግን ሰፈሩን ሁሉ ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሦስት ነገር ያስገድድ። የእያንዳንዱ ቀን ዋጋና የተሸጠው ብዛት ለማንም በነፃ፣ ለማውረድ በሚመች መልኩ ይውጣ። አዲስ አክሲዮን ሲሸጥ፣ ሲሸነሸን ወይም ትርፍ ወደ አክሲዮን ሲቀየር ቀኑና መጠኑ በዚያው መዝገብ ይግባ፤ የተስተካከለውም ጥሬውም ዋጋ ጎን ለጎን ይታይ። ለመመዝገብ የሚመጣ ባንክ ሁሉ ያለፉ ጨረታዎቹን ውጤት ይዞ ይምጣ። ወረቀቱ ከእነሱ ዘንድ ነው፤ ጠፋ ካሉ ደግሞ ጠፋ ብለው በጽሑፍ ያሳውቁን።

እናንተም የባንኮቹ የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ «ዘንድሮ ስንት ፐርሰንት?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። እጃችሁን አውጡና ባለፈው ዓመት የተላለፉት አክሲዮኖች በስንት ብር እንደተሸጡ ጠይቁ፤ መልሱም ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።