ሪካፕ ያየ ሰው ፊልም አየ አይባልም

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ተማሪዬ ኢንቦክስ ገባና «ቲቸር፣ ጤዛን አየሁት። እውነት ለመናገር አልተመቸኝም» ብሎ ጻፈልኝ።

ደስ አለኝ። ባይወደውም ደስ አለኝ። የኃይሌ ገሪማን ፊልም 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ቁጭ ብሎ አይቶ «አልወደድኩትም» የሚል ወጣት ካገኘሁ ቡና ጋብዤ ብከራከረው ደስታዬ ነው። «የቱ ጋ ነው ያልተመቸህ?» አልኩት።

«ሰውየው ከጀርመን ተመለሰ፣ እግሩን አጥቷል፣ እናቱ ጋ ተቀመጠ። በቃ። 11 ደቂቃ ሙሉ እሱን ነው የሚያወራው።»

11 ደቂቃ? ሊንኩን ላከልኝ። ለካ ያየው ሪካፕ ነው።

ሪካፕ ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ ታድላችኋል። አንድ ሰው ፊልሙን ይቆራርጥና የተዋንያኑን ድምፅ አጥፍቶ፣ በላዩ ላይ እየተጣደፈ «ይህ ሰውዬ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ይህቺ ሴት ታለቅሳለች» እያለ ያወራበታል። በእኔ ክፍል ውስጥ «ስንት ፊልም አይታችኋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መቶ፣ ሁለት መቶ የሚሉ ልጆች አሉ። እውነታቸውን ነው የሚመስላቸው። እኔ ደግሞ አንድም አላያችሁም ነው የምለው። ይሄን ስል «ቲቸር አርጅቷል» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይምጣ።

ፓራሳይትን እንውሰድ። ባለፈው ወር ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። የኮሪያው ቦንግ ጁን ሆ የሠራው፣ በ2020 የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደው ማለቴ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ ይሄን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ፊልም ነው። ሪካፑ ምን ይላል? «አንድ ድሃ ቤተሰብ ሀብታም ቤተሰብ አታሎ ሥራ ይቀጠራል፣ ከዚያ ነገሩ ይበላሻል።» ውሸት የለበትም። ግን ዝናቡስ? አባትና ልጆቹ ከሀብታሞቹ ቤት ሹልክ ብለው ወጥተው በዶፍ ዝናብ ወደ ቤታቸው ሲሮጡ፣ ደረጃ ይወርዳሉ፣ ደግሞ ይወርዳሉ፣ አሁንም ይወርዳሉ። ውኃውም አብሯቸው ቁልቁል ይሄዳል። ሲደርሱ ግማሹ ከመሬት በታች የሆነው ቤታቸው በፍሳሽ ተሞልቷል። በማግስቱ ሀብታሟ ሴትዮ መኪና ውስጥ ሆና በስልክ «ዝናቡ እንዴት ጥሩ አደረገ፣ አየሩ ጠራልን» ዓይነት ነገር ታወራለች። ቤቱ የተጥለቀለቀበት ሰውዬ ከፊቷ ተቀምጦ ይሾፍራል። አንድ ቃል አይተነፍስም። ከዚያ የሆነ ነገር ሸተታትና መስኮቱን ከፈተች።

በክረምት ወንዝ ዳር ቤት ተከራይቶ ያደረ ሰው ይሄ ቦታ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሰማው ላስረዳችሁ አልችልም። እኔ ኖሬበታለሁ፣ እናቴ ፍራሹን በአጎበር እንጨት ላይ ስትሰቅል አስታውሳለሁ። የሰውየውን ዝምታ ታዲያ ማን ሊተርከው ነው? ሪካፕ ዝምታ አይወድም። ዝምታ ሲመጣ ይቆርጠዋል።

ቁራኛዬም እንደዚያው ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ፍርድ ፍለጋ በእግራቸው ይጓዛሉ። ፊልሙ መንገዱ ራሱ ነው! መንገዱን ቆርጠህ «በመጨረሻም ደረሱ» ካልከኝ ምን ሰጠኸኝ?

«ወጋየሁ ንጋቱስ ተራኪ አልነበረም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም፤ ስታፍ ሩም ውስጥ አንድ ባልደረባዬ ቀድሞ ብሎኛል። ወገን፣ ወጋየሁ እኮ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲያነብ ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉትን ነው ያነበበው። ቃሉን አልቀማቸውም፤ ድምፅ ነው የጨመረላቸው። የሪካፑ ሰውዬ ግን የባለቤቱን ድምፅ አጥፍቶ በራሱ ይተካል።

ሐቁን ልናገርና፣ እኔም በልጅነቴ ሪካፕ ሠሪ ነበርኩ። ሰፈራችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ቪዲዮ ቤት ነበረች። መግቢያው አንድ ብር፣ መቀመጫው አግዳሚ። ብር ያገኘ ገብቶ ያያል፣ ያላገኘው አጥር ሥር ይጠብቃል። እኔ የጃኪ ቻን ፊልም አይቼ ስወጣ በአንድ እፍኝ ቆሎ እተርክላቸዋለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀው ፊልም እኔ ጋ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ምክንያቱም «አክተሩ» የመታውን ጡጫ በሙሉ እየተነሣሁ አሳያለሁ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የሰሙኝ ልጆች ጠግበው አይቀሩም። በማግስቱ እናታቸውን አንድ ብር ለምነው ይሄዳሉ። ከዚያ «ዋሽተሃል፣ እንደዚያ የሚል ቦታ የለውም!» ብለው ሊደበድቡኝ ይመጣሉ። የሪካፕ ተመልካች ግን ፊልሙን ፈልጎ አያይም፤ «አይቼዋለሁ» ነው የሚለው።

ዳታ ውድ ነው የምትሉኝ፣ ልክ ናችሁ። የእኔም ደሞዝ የመምህር ደሞዝ ነው። ግን አንድ ማታ አሥር ሪካፕ የምታይ ልጅ «ሙሉ ፊልም ለማየት ዳታም ጊዜም የለኝም» ስትለኝ አላምንም።

አሁን ደግሞ የማይመቸኝን ልናገር። ልጆቹን ይሄን ያስለመድናቸው እኛ ነን። እኔ አማርኛ ነው የማስተምረው። ከሦስት ዓመት በፊት ለፈተና ይድረስላቸው ብዬ የአንድ ትልቅ ልብ ወለድ «አጭር ኖት» በሁለት ገጽ አዘጋጅቼ ሰጠኋቸው። ጥያቄውን መለሱ፣ ማርክ አገኙ፣ እኔም ተመሰገንኩ። መጽሐፉን ማን እንዳነበበ ግን አልጠየቅኩም። ያ ወረቀት እስካሁን በቴሌግራም ከተማሪ ተማሪ ይዞራል፣ ስሜ ከላይ አለበት። በየትኛው አፌ ነው የሪካፑን ሰውዬ የምሳደበው?

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ፕሮጀክተር ተውሼ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆችን ሰብስቤ የያሬድ ዘለቀን ላምብ አሳየኋቸው። በ2015 ካን ፌስቲቫል በይፋ ተመርጦ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ አጭር ነው፤ እናቱ የሞተችበት ልጅ ዘመድ ቤት ይቀመጣል፣ አንዲት በግ አለችው፣ አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ስልካቸውን ሲነካኩ ነበር። አንዱ እንደውም «ቲቸር፣ ማሳለፍ አይቻልም?» አለኝ። አይቻልም አልኩት። ቀስ እያለ ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ወጥ መሥራት የሚወድ ወንድ መሆኑና ለዚህ የሚደርስበት ንቀት ላይ ስንደርስ፣ ከኋላ የተቀመጠ፣ ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ተማሪ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሸፈነ። አልጠየቅኩትም። ሲያልቅ ወንበር መመለስ አገዘኝና «ቲቸር፣ ቤት ውስጥ ምግብ የምሠራው እኔ ነኝ» ብሎኝ ሄደ።

የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ጤዛን እናያለን፣ ሙሉውን። ኢንቦክስ የጻፈልኝም ልጅ እመጣለሁ ብሏል። ስልክ በር ላይ ይቀመጣል። የተዋስኩት ፕሮጀክተር ባለቤቱ ወስዶታልና፣ ሊያውሰን የሚችል ካለ እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ። መብራት ከሄደ እሑድ እንሞክራለን።