ከዓመቱ መንገዳችን የዒድ ሰላምታ

የተከበራችሁ የዚህ ዓምድ ተከታታዮችና በየአገሩ ያላችሁ ወዳጆቻችን! አስሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን ለዒድ አል-ፈጥር በሰላም አደረሳችሁ።

እኛ ባልና ሚስት የመምህርነት ደመወዛችንን እያብቃቃን፣ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ስንጓዝ ከረምን። «ገንዘቡን ለቤት መሥሪያ ብታውሉት አይሻልም ወይ?» ያላችሁን ጥቂቶች አይደላችሁም።

ሐረር ስንደርስ ሕዝቡ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾሞ ሹዋሊድን ለማክበር ይሰናዳ ነበር፤ ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። 82 መስጊዶችን ባቀፈው ጁገል ውስጥ አንዱን አዛን ሌላው ሲቀበለው መስማት የመንገድ ድካም ያስረሳል። በባሌም የወይብ ወንዝ ዓለቱን ሰርስሮ የሚያልፍበትን የሶፍ ዑመር ዋሻ አየን፤ ሱብሐነላህ!

ጅማ የሄድነው ግን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ብቻ አልነበረም። በመድረሳ አብሮን የቀራ ወዳጃችንን እናት ለመዘየር ነበር። በየዒዱ በስልክ ብቻ ሰላም ስንላቸው የኖርናቸው እናት እጃችንን ይዘው «ድምፃችሁ ዛሬ ፊት አገኘ» አሉን። ቡና አፍልተው አጠጡን፤ ዱዓም አደረጉልን። ሁለት ወር ሳይሞላ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው።

መልሳችን ይህ ነው፤ ቤት ቢዘገይም ይሠራል፤ ያ ቡና ግን ለከርሞ ይቆይ ቢባል ኖሮ አይገኝም ነበር። እናንተም በዚህ ዒድ መልእክት በመላክ ሳትወሰኑ ከቆየ ወዳጅ ደጃፍ ድረሱ። ርቀት ቢከለክላችሁ ድምፃችሁን አሰሙ።

ተቀበለላሁ ሚንና ወሚንኩም። ዒድ ሙባረክ!